ጉልላት ከመጠየቃችን በፊት ምሰሶ እናቁም

በሳይንስ ክበባችን የተነሣው የኮከብ መመልከቻ ቤት ጉዳይ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በምግብ ቤት ሰልፍና በመኝታ ክፍል ሳይቀር መከራከሪያ መሆኑን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከፊሉ «ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ ጽፈን ባለ ጉልላት ቤትና ትልቅ ቴሌስኮፕ እንጠይቅ» ይላል። ከፊሉ ደግሞ «የቤተ ሙከራው ብልቃጥ እንኳ ሳይሟላ የምን ኮከብ ነው!» እያለ ያፌዛል። ይህን የምንጽፈው እጩ መምህራን ከሁለቱም ወገን አይደለንም። የኮከብ መመልከቻ ያስፈልገናል እንላለን፤ ነገር ግን ሥራው ከታች ከመሬቱና ከገዛ እጃችን ይጀመር እንላለን። ምክንያታችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዘረዝራለን፤ የማይስማማ ካለ እዚሁ ይመልስልን።

ለመሆኑ የኮከብ መመልከቻ ለእጩ መምህር ምን ያደርግለታል?

ተመርቀን በምንመደብበት ትምህርት ቤት ስለ ቀንና ሌሊት መፈራረቅ፣ ስለ ጨረቃ መልኮች፣ ስለ ግርዶሽና ስለ ፕላኔቶች ማስተማራችን አይቀርም። እኛ ራሳችን ይህን የተማርነው እንዴት ነበር? መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ክብ ይሠራሉ፤ እኛም እንገለብጣለን፤ ስማቸውንም በተርታ እንሸመድዳለን። ፈተና ላይ «ጉልህ ቀለበት ያለው ፕላኔት የትኛው ነው?» ሲባል «ሳተርን» ብለን አንድ ነጥብ እናገኛለን። «ቀለበቱን በዓይናችሁ አይታችኋል ወይ?» ብንባል ግን እጃችንን የምናወጣ ስንት እንገኛለን? ቅጠል ሳያሳይ ስለ ቅጠል የሚያስተምር መምህር ብናይ እንስቃለን። ሰማዩ ደግሞ ማታ ማታ በደጃችን ያለ ክፍያ ተዘርግቶ የሚያድር የማስተማሪያ መሣሪያ ነው።

ከዚህም ሌላ የምንሄድበት አካባቢ ሕዝብ ሰማዩን ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ የአጥቢያ ኮከብ በየት በኩል እንደምትወጣ ያውቃል፤ እናቱም በእሷ ትነሣለች። መሪጌታው በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው የፋሲካን ቀን ይነግሩናል። እስላሙ ጎረቤታችን የረመዳንን ጨረቃ በዓይኑ ይጠብቃል። በቦረና አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች የጨረቃን አካሄድ ከታወቁ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ወርና ቀን ይቆጥራሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል ቀና ብሎ የማያይ መምህሩ ብቻ ከሆነ አያሳፍርም ወይ? ልጁ «ጋሼ፣ ያ የማይንቦገቦገው፣ ዝም ብሎ የሚያበራው ምንድን ነው?» ሲል «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለን ልናልፈው ነው? ያን ጊዜ ልጁ ሁለት ነገር ይማራል፤ መምህሩ እንደማያውቅና መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ዕቃ ማስገዛት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ደግሞ ከኑሮ አይተነዋል። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በተማርንበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስጦታ የተገኘ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ከነካርቶኑ በቁም ሣጥን አናት ላይ። ለምን አይወጣም? የተፈረመበት ንብረት ነዋ! ቢሰበር ከፈራሚው ደመወዝ ይቆረጣል። የመገጣጠሚያው መመሪያም የሚያነበው ስላልተገኘ ማንም ደፍሮ አይነካውም። ተምረን እስክንወጣ ድረስ ካርቶኑን አይተናል፤ ቴሌስኮፑን አላየንም። ፈራሚውን አንወቅስም፤ በዚያ ደንብ ውስጥ እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ነገሩ የሚያስተምረው ግን አለ። ሰው የሚፈራው መጠገን የማይችለውን ዕቃ ነው። ራሱ የሠራው ቢሰበርበት መልሶ ይገጥመዋል።

ሌላም ነጥብ አለ። ተገዝቶ የመጣ ትልቅ ቴሌስኮፕ እዚሁ ማሠልጠኛው ይቀራል። እኛ ግን ወደየወረዳው እንበተናለን። ከእኛ ጋር የሚሄደው ሠርተን፣ አፍርሰን፣ እንደገና ገጥመን የለመድነው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈል፤ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ፣ በመጨረሻ ቤት።

ዓይን

የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይናችን ነው፤ አያያዙን ግን አናውቅም። ከመብራት ቤት ወጥቶ ወዲያው ቀና የሚል ሰው ጥቂት ኮከብ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ዓይን ጨለማውን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። በዚያ መካከል አንድ ሰው የስልኩን ባትሪ ቦግ ካደረገ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የእጅ ባትሪውን አፍ በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኖ ማሰር። ቀይ ደብዛዛ ብርሃን ጽሑፍ ያስነብባል፤ የለመደውን ዓይን ግን ያን ያህል አይጎዳም።

ቀጥሎ መለኪያ። ክንድን ሙሉ ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከፍታም እንደ ቦታው በዚያው መጠን ነው። በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ ማለትም ከአድማሱ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ተማሪ በጭብጡ ይህን ለክቶ ያለበትን ኬክሮስ በራሱ ሲያገኝ የጂኦግራፊው ትምህርት ነፍስ ይዘራል።

ይህ ቦታችን ሌላም ጸጋ አለው። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ወደ ሰሜን ፊታችንን ብናዞር ትልቁን ድብ፣ ወደ ደቡብ ብንዞር የደቡብ መስቀልን በአንድ ሰዓት እናያለን። በሎንዶን ወይም በበርሊን የሚኖር ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ የደቡብ መስቀልን ዕድሜ ልኩን አያይም። እኛ ግን በዓመት ውስጥ የሰማዩን ሁለት ወገን ከሞላ ጎደል እናዳርሳለን። በዚህ በኩል ሀብታሞች ነን፤ ሀብታችንን አናውቀውም እንጂ።

ከዓይን ቀጥሎ ባይኖኩላር ይመጣል። ከቴሌስኮፕ በፊት ይገዛ የምንለው እሱን ነው። በላዩ ላይ 10×50 ተብሎ የተጻፈው 10 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱም 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ በግንብ ወይም በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ማስደገፍ ይገባል። በዚህ ዕቃ የጨረቃን ተራሮችና ጉድጓዶች፣ ጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የታጨቁትን ከዋክብት እናያለን። ጨረቃን ለማየት የሚሻለው ሙሉ የሆነችበት ሌሊት እንዳልሆነም እዚህ እንናገር። በግማሽዋ ጊዜ የብርሃኑና የጨለማው ድንበር ላይ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዱ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል።

ባይኖኩላር አንድ ደስ የሚል ነገርም ያሳየናል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል በሰጠ ጊዜ የኢትዮጵያ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተብሎ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ይፋ ሆኗል። «ቡና» ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳም በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፌውስ ልጅ ናት። ኮከቡ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በዓይን ብቻ አይታይም፤ ጨለማ ባለበት ቦታ ግን ባይኖኩላር ይደርስበታል። «አቦል»ን እንኳ በአማተር መሣሪያ የሚያየው የለም። ይሁን እንጂ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት የገበሬ ልጅ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሞ «ያቺ ነጥብ ቡና ናት» ሲል ምን እንደሚሰማው እስቲ እናስብ።

እጅ

ሁለተኛው ደረጃ መሥራት ነው። ከሁሉ የሚቀለው የመነጽር ሌንስ ቴሌስኮፕ ነው። ከመነጽር ሠሪ የሚገኝ ፕላስ 1 የሆነ ሌንስ ብርሃንን አንድ ሜትር ርቆ ይሰበስባል። እሱን በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ቱቦ አንድ ጫፍ ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ትንሽ አጉሊ ሌንስ ደግሞ በሌላው ጫፍ ላይ እናስገባለን። 100ን ለ5 ስናካፍል 20 ይሆናል፤ 20 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። ጋሊሌዎ የጁፒተርን ጨረቃዎች ያገኘው በዚህን ያህል ማቅረቢያ ነበር። ጠርዙ ላይ ቀለማት እንዳይረብሹ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቀዳዳ ያለው ጥቁር ወረቀት ከፊት ሌንሱ ላይ መለጠፍ፣ የቱቦውንም ውስጥ ጥቁር መቀባት ያስፈልጋል። ምስሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ለሰማይ ግን ላይና ታች ምን ያደርጋል? እያንዳንዳችን ከዚህ ወጥተን ስንሄድ አንድ እንዲህ ያለ ቱቦ ይዘን ብንሄድ ከዲፕሎማው ቀጥሎ የምንታወቅበት ንብረት ይሆን ነበር።

ከዚያ ከፍ የሚለው ባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ የተስተካከለውን መስተዋት መሞረድና በአሉሚኒየም ማልበስ ለእኛ ግቢ ይከብዳል፤ እሱና የዓይን ሌንሱ ተገዝተው ወይም በእርዳታ ተገኝተው ይምጡ። ሌላው ሁሉ ግን ከእንጨት ሥራ ክፍላችን አያልፍም። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በጨለማ ከተከፈተ የሰው ዓይን ከ400 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። የሳተርን ቀለበት፣ የኦሪዮን ጉም፣ የጨረቃ ሸለቆ በግልጽ ይታይበታል። የመስተዋቱ መሰብሰቢያ ርቀት 1200 ሚሊ ሜትር ሆኖ የዓይን ሌንሱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን 48 ጊዜ፣ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን 120 ጊዜ ያቀርባል። ነጋዴ በትንሽ መጫወቻ ሣጥን ላይ «500 ጊዜ ያቀርባል» ብሎ ቢጽፍ አንታለል። የመሣሪያ ዋጋው በሚሰበስበው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ሳይኖር ማቅረብ ጉምን ማተለቅ ነው።

መቆሚያውስ? እዚህ ላይ ያለንበት ኬክሮስ ራሱ ይመክረናል። ከውጭ የሚመጣው ውድ መቆሚያ አንዱ ዘንግ ወደ ሰሜን ዋልታ እንዲያመለክት ሆኖ ይተከላል፤ ዘንጉም በቦታው ኬክሮስ ልክ ይዘነበላል። በአውሮፓ ግማሽ ያህል ቀና ይላል። በእኛ አገር ግን የሰሜን ዋልታ አድማስ ሥር ስለሆነ ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ያን ያህል ዝቅ ሲል የማይመች መቆሚያም ብዙ ነው። የሰሜን ኮከብንም በዚያ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ ወይ ተራራ ይጋርደዋል። ታዲያ ለእኛ የሚሻለው ሣጥን የመሰለው፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ የሚዞረው መቆሚያ ነው። ይህን ያስፋፋው ጆን ዶብሰን ነው። ሰውየው በሳን ፍራንሲስኮ መነኩሴ ነበር። ከካርቶን ቱቦና ከተጣለ ወፍራም መስተዋት ቴሌስኮፕ እየሠራ በመንገድ ዳር አቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ኑ ጨረቃን እዩ» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከተባባሪዎቹ ጋር የመንገድ ዳር ሥነ ፈለክ ማኅበር አቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞትም ድረስ ማስተማሩን አልተወም። የእሱን መቆሚያ ለመሥራት ኮምፔርሳቶ፣ ጥቂት ቡሎንና ለስላሳ ፕላስቲክ ይበቃል። ከሥር እንዲንሸራተት አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ የሚያደርጉም አሉ። በየቤቱ አቧራ የጠጣ ሸክላ እኮ አይጠፋም!

«እቤት ውስጥ በተሠራ ዕቃ ምን ይገኛል?» ለሚል መልስ አለን። ዊሊያም ኸርሸል በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚኖር የሙዚቃ መምህር ነበር። መስተዋቱን በቤቱ ሞርዶ፣ በቤቱ ጓሮ አቁሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1781 ኡራኑስን አገኘ። የመስተዋቱ ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ እኛ ከላይ ካነሣነው እምብዛም አይበልጥም። መስተዋቱን ሲወለውል እጁን ማንሣት ስላልቻለ ታናሽ እህቱ ካሮላይን ታጎርሰው ነበር። እሷም በማጉረስ ብቻ አልቀረችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1786 ጀምሮ ስምንት ጅራታም ኮከቦች አግኝታለች።

ቤት

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። አገራችን ጉልላት የላትም አንልም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአንድ አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ያ የምርምር ቦታ ነው፤ ይገባዋልም። የእኛ ሥራ ግን ለልጆች ማሳየት ስለሆነ ቤታችንም እንደ ሥራችን ይሁን።

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ምሰሶ ነው። ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ከመብራት ራቅ ባለ ቦታ ወደ አንድ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ አንድ የአርማታ ምሰሶ ይቁም፤ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ20 ያህል ቢወጣ ይበቃል። ሳይደርቅ ቡሎን ይተከልበት፤ ባይኖኩላሩና የሌንስ ቱቦው እዚያ ይታሰራሉ። አጠገቡ ለሣጥኑ ቴሌስኮፕ ዝቅ ያለ የአርማታ መደብ ይሠራ። ሁለቱም ሰው ከሚረግጠው ወለል ጋር እንዳይነካኩ በዙሪያቸው ክፍተት ይተው። አለበለዚያ አንዱ እግሩን ባነሣ ቁጥር ጁፒተር ትጨፍራለች። የጣውላ ወለልና የፎቅ ሰገነትም በዚሁ ምክንያት አይሆንም።

ምሰሶው ለአንድ ዓመት ካገለገለ፣ መዝገቡም ሰው እንደሚመጣ ካሳየ፣ ያን ጊዜ ቤቱ ይከተል። ጉልላት አያስፈልገውም። ግድግዳው ከጭቃም ይሁን ከብሎኬት 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኖ በጎማ ላይ ይንሸራተት። የሚንሸራተት የግቢ በር የሚሠራ ማንኛውም ብየዳ ቤት ጎማውንም ሐዲዱንም ያውቀዋል። ሐዲዱ ከግድግዳው አልፎ በሁለት ቋሚዎች ላይ ይረፍ፤ ነፋስ እንዳያነሣው መቆለፊያ ይኑረው። ቆርቆሮ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋና ምስሉን ስለሚያርገበግብ ከመመልከት አንድ ሰዓት አስቀድሞ መክፈት ግድ ነው። ቴሌስኮፑም አየሩን እንዲለምድ በዚያው ጊዜ ይውጣ።

አጠቃቀሙም ሥርዓት ይፈልጋል። ትንሿ ማነጣጠሪያ ቱቦ ቀን በብርሃን ሩቅ ባለ የስልክ ምሰሶ ላይ፣ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከትልቁ ጋር ትስተካከል። መስተዋት አቧራ ቢነካው በነጠላ ጫፍ አይታሽ፤ ጥቂት አቧራ ምስሉን ብዙም አይጎዳውም፤ ጭረት ግን አይድንም። ክረምት ሲገባ እርጥበት ሻጋታ እንዳያበቅል ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ መዝገብ ይኑር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ የታየው፣ ያየው ሰው ስምና በእርሳስ የተሣለ ሥዕል። ያለ መዝገብ ማየት መዝናኛ ነው፤ ከመዝገብ ጋር ትምህርት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የሴቶች መኝታ ክፍል በጊዜ የሚዘጋ በመሆኑ የማታ ሥራ ሲመጣ እህቶቻችን ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ደንቡ ለደኅንነት መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን በአገራችን ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት ጥቂት በኋላ ሙሉ ጨለማ ስለሚሆን ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይበቃል። በዚያ ሰዓት ተረኛ መምህርትና ዘበኛ ባሉበት መርሐ ግብር ይውጣ። የነገዎቹ ሳይንስ መምህራት ዛሬ ሰማዩን በመስኮት ፍርግርግ እያዩ እንዲቀሩ አንፈልግም።

የፀሐይ ነገር

እስካሁን ስለ ማየት ብዙ አልን። ማየት የሚያጠፋበት ቦታም አለ። በባይኖኩላርም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያየ ዓይን በቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። በጭስ የጠቆረ መስተዋት፣ የራጅ ፊልም፣ የጸሐይ መነጽር፣ ውሃ ውስጥ ማየት፤ እነዚህ ሁሉ በየሰፈሩ የሚነገሩ አደገኛ ምክሮች ናቸው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ጠዋት በላሊበላና አካባቢው ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ታይታለች። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ዝግ ስለነበሩ ተማሪ በየቤቱ እንደ መሰለው አይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ደግሞ ከደቡብ ስፔን ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ እስከ ሶማሊያ ጫፍ የሚዘልቅ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በአገራችን በከፊል ይሆናል። ቀኑ ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ደመናው ከገለጠ ልጁ ለብቻው ከብት እየጠበቀ ያየዋል ማለት ነው። ታዲያ ማን ይነግረዋል? ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ያገኘው መምህር ካልሆነ ማንም! በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ምስሏን በነጭ ወረቀት ላይ እንዲያይ ማሳየት አምስት ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ልጅ ግን የዓይን ጉዳይ ነው። ክርክራችን የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ይህን እንጠቁማለን።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

«ኮከብ ማየት ኮከብ ቆጠራ ነው፤ ነገሩ ወደ ጥንቆላ ያደላል» የሚሉ አሉ። ኮከብ ቆጣሪው የሰውን ዕድል ከእናቱ ስም አውጥቶ ይነግራል፤ ቀና ብሎ ማየት እንኳ አያስፈልገውም። የሥነ ፈለክ ተማሪ ግን ጁፒተር ነገ የት እንደምትሆን ተናግሮ ነገ ማታ ምስክሩን ያቆማል። ጥንቆላን የሚያሸንፈው ይህ ዓይነቱ ልማድ ስለሆነ ከመፍራት ይልቅ ማስፋፋት ይበጃል።

«ሌላ የሚበልጥ ችግር አለብን» የሚለው ግን ክብደት ያለው ነው፤ አናቃልለውም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት አለ። የጉልላቱን ሐሳብ የማንደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምሰሶ ግን ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋና የእኛ ጉልበት ነው። ቱቦው ሁለት ሌንስና ካርቶን ነው። ጨለማው ደግሞ በነፃ ነው። ጨለማ ሀብት መሆኑን ብዙ አገሮች የተረዱት ከጠፋባቸው በኋላ ነው። እኛ ገና አለን፤ መብራት በገባበት ሁሉ አምፖሉ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ደፍተን ብርሃኑን ወደ መሬት ካወረድነው ለልጆቻችንም ይተርፋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ አስተዳደሩ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ቦታ ይፍቀድልን፤ በዚያ በኩል ላለው የዘበኛ መብራትም ቆብ ይደረግለት። ሁለተኛ፣ ከክበቡ ገንዘብ አንድ ባይኖኩላር ይገዛ፤ በንብረት ክፍል ተቆልፎ ሳይሆን በፈረቃ በእጩ መምህራን ፊርማ ይያዝ፤ ቢሰበር የሚጠየቀውም ክበቡ በጋራ ይሁን። ሦስተኛ፣ የእንጨት ሥራና የሳይንስ መምህራኖቻችን የሌንስ ቱቦ ሥራን ከማስተማሪያ መሣሪያ ዝግጅት ነጥብ ጋር ያያይዙልን። አራተኛ፣ የሴቶችና የወንዶች ተራ ያለው የምሽት መርሐ ግብር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት ይውጣ። ምሰሶውን ለማቆም የሚያስፈልገውን ጉድጓድ እኛ ራሳችን እንቆፍራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አካፋና ዶማ ይፈቀድልን እንጂ።

ከዓመት በኋላ ምሰሶው የእግር ኳስ ተመልካች መደገፊያ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ጉልላት አለመጠየቃችን በጀን ማለት ነው። መዝገቡ ሞልቶ ከተገኘ ግን ቆርቆሮውን ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከእጩ መምህራን ወገን